መስመሩ አልተዘጋም

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና መጠየቅ ደንብ ነውና፣ እንዴት ነህ? መልሱን ግን ዛሬ አልጠብቅም። ዛሬ ተናጋሪዋ እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ግን አንተ በስልክ ሰው አታስጨርስም። ገና «ስማኝማ» ስል «ገባኝ፣ ገባኝ» ትላለህ፣ ያልገባህን ሁሉ። ወረቀትን ማቋረጥ አትችልም፤ ብትቀደው እንኳን ካነበብከው በኋላ ነው። ደግሞም ስለ ስልክ የምነግርህ አንድ ነገር ስላለ፣ ለዛሬ ስልክን አላመንኩትም።

ቅዳሜ እማዬን ልትወስዳት ትመጣለህ። የጭነት መኪና ተዋውለሃል፣ ለቤቱ ተከራይ አግኝተሃል፣ አንተ ቤት የኋላዋ ክፍል ተቀብታ አልጋ ገብቶላታል። ይህን ሁሉ ያደረግከው እናታችን ለይቶላታል ብለህ ነው። እኔ ደግሞ ይህን የምጽፍልህ እናታችን እንዳልለየላት ልነግርህ ነው። የለየለት የሳሎኑ መብራት ነው። መብራቱን ያሳበድከው ደግሞ አንተ ነህ።

አትቆጣ። ወይም ተቆጣ፤ እኔ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ተቀምጬ አንተ ለምን ተረጋግተህ ታነባለህ?

ባለፈው የመጣህ ጊዜ ያደረግከውን ላስታውስህ። ገና ሻንጣህን ሳታስቀምጥ ወደ ጣሪያው አንጋጠህ «እናንተ ዛሬም በዚህ አምፖል ነው የምትኖሩት? ይሄ እኮ መብራት አይደለም፣ ምድጃ ነው!» አልክ። ሻይ ሳትጠጣ ወጥተህ ኤልኢዲ አምፖል በፌስታል ሙሉ ይዘህ ተመለስክ። እማዬ ወንበር ያዘችልህ፣ አንተ ወጣህ። ወጥ ቤቱን ቀየርክ፣ ኮሪደሩን ቀየርክ፣ መኝታ ቤቶቹን ቀየርክ። ሳሎን ስትደርስ እማዬ ከታች ሆና «የሳሎኑን እንኳን ተወው ልጄ፣ እሱ ማብረጃ አለው» አለችህ። አንተ ወደ ታች እንኳን ሳትመለከት «እማዬ፣ አምፖል አምፖል ነው» አልካት። ከዚያም ድሮዎቹን አምፖሎች ለቃቅመህ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጨመርካቸው፤ አንዱ እንኳን ለምናልባት አልቀረም። እራት ላይ ስለ መብራት ፍጆታ ንግግር አደረግክልን። አጨበጨብን።

ማብረጃውን አትረሳውም መቼም። ከሳሎኑ በር አጠገብ ያለው ክቡ ቁልፍ ነው። ሌላው ሰው ዲመር ይለዋል፤ በእኛ ቤት ግን አባባ ማብረጃ ብሎ ስም ካወጣለት ወዲህ ሌላ ስም ኖሮት አያውቅም። አባባ ያስገባው ለእማዬ ነበር። ቀኑን ሙሉ በምትሠራበት ሆስፒታል ስልክ ማዞሪያ ክፍል ውስጥ፣ ዓይኗ ሥር ትናንሽ መብራቶች ብልጭ ድርግም ሲሉ ውላ፣ ራሷን ይዛ ነበር የምትገባው። አባባ ብድግ ይልና «ላብርድልሽ?» ይላታል። ከዚያ ቁልፉን ቀስ አድርጎ ሲያዞረው ሳሎኑ ጋብ ይላል፣ እሷም ትከሻዋ ይወርዳል። እኛም ነገሩ ገብቶን ነበር፤ መብራቱ ሲበርድ የእኛም ጫጫታ ይበርዳል። አንተ እንኳን፣ የሰፈሩ ረባሽ፣ በጣትህ ጫፍ ትራመድ ነበር። ቁልፉ ዳር ሲደርስ ቀጭ ይልና ይዘጋ ነበር። ያ ድምፅ ከጠፋ ቆይቷል፤ ውስጡ አልቆ ይሆናል ብሎ ያሰበ ግን የለም። ዳር ድረስ ሲዞር መብራቱ ይጠፋ ስለነበር፣ ማን ስለ ድምፁ ይጨነቃል?

ስለ እማዬ ሥራ ደግሞ ሁለት ነገር ላንሳብህ፤ የምታውቀውን ነው፣ ግን ዛሬ ያስፈልገኛል። አንደኛው፣ እማዬ ስልክ ቀድማ አትዘጋም። በሕይወቷ ዘግታ አታውቅም። ሆስፒታል የሚደውል ሰው «እሺ በቃ» ካለ በኋላ ነው ዋናውን ነገር የሚናገረው ትለን ነበር። «ስለ ጉብኝት ሰዓት ይጠይቃል፣ ስለ ምግብ ይጠይቃል፣ እሺ በቃ ይላል፤ ከዚያ ዝም ይልና፣ ‹ለመሆኑ ይተርፋል ይላሉ?› ይላል። ቀድሜ ብዘጋበት ኖሮስ?» ትል ነበር። ሁለተኛው፣ አባባ እራት ላይ የሆስፒታሉን ወሬ ሊያወጣጣት ሲሞክር ሁልጊዜ የምትመልስለት ነው። «ኦፕሬተር የሰማውን አይናገርም።» አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንዲት ቃል አውጥቶባት አያውቅም።

አሁን ወደ ነገሬ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ጥቂት ቆይታ እማዬ «የሳሎኑ መብራት ይጠቅሰኛል» አለችኝ። ነገርኩህ። «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ የሚጠቅስሽ ካገኘሽ እኛም ደስ ይለናል» አልካት በስልክ። ስቃለች፣ እኔም ስቄያለሁ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፣ አልክድም። ቆየት ብላ ግን መሳቋን ተወች። ማታ ማታ ማብረጃውን ዳር ድረስ አዙራ ቁጭ ብላ እንደምታዳምጥ ነገረችኝ። «አልተዘጋም» ትላለች። «ምኑ?» ስላት «መስመሩ። መስመሩ አልተዘጋም፣ ሰው አለበት» ትለኛለች።

ይህችን አንዲት ቃል ነው ያልገባንላት። ሰው ሁሉ ባወቀው ቋንቋ ነው የሚናገረው። አናጺ የታመመ ጉልበቱን ማጠፊያው ዝጓል ይላል፤ አእምሮውን የሚመረምረው የለም። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ በጆሮዋ ስትሠራ የኖረች ሴት፣ ተዘጋ የተባለ ነገር ውስጥ ድምፅ ስትሰማ ምን ትበል? መስመሩ አልተዘጋም አለች። አንተ ግን በስልክ ያቺን ቃል ስትሰማ ጊዜ አልፈጀብህም። «በቃ፣ ሥራ ላይ ያለች መስሏታል። ጡረታ መውጣቷንም ረስታዋለች። ምን ይደረጋል፣ እርጅና እርጅና ነው» አልክ። አምፖል አምፖል ነው፣ እርጅና እርጅና ነው። አንተ አንዱን ነገር ከሌላው ለይተህ ለማየት ትንሽ ብትደክም ምን ትሆን ነበር?

እኔ እሷ ጋ የምሄደው ከምሠራበት ፋርማሲ በምሳ ሰዓት ወጥቼ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። መብራቱን የሚያበራ የለም፣ ፍሪጁ ያጓራል፣ መንገዱ ይጮኻል። ምንም አላየሁም፣ ምንም አልሰማሁም። አንተም ከዚያ ሆነህ «ታዲያ አንቺ ሰማሽ? አልሰማሽም። አለቀ» አልከኝ። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያስያዝከው አንተ፣ ይዣት የሄድኩት እኔ።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ትሁት ነው፣ ክፉ ቃል አልወጣውም። ቀኑን ጠየቃት፣ ወሩን ጠየቃት፣ ቁጥር ወደ ኋላ አስቆጠራት። ከእኔ በተሻለ ቆጠረችለት። ከዚያ «እማማ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዎታል?» አላት። እማዬ መዋሸት መች ታውቃለች!

«አዎ» አለች።

«ምን ዓይነት ድምፅ?»

«ያልተዘጋ መስመር ነዋ።»

«ከየት ይመጣል?»

«ከሳሎኑ መብራት።»

ጣቶቹ ኮምፒውተሩ ላይ መሮጥ ጀመሩ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የእሷን እጅ አያለሁ፤ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ለጥያቄው ልክ መልስ እንደ ሰጠ ሰው ተረጋግታ ተቀምጣለች። ወንድም ጋሼ፣ እስካሁን ደሜን የሚያፈላው ይህ ነው። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ተጠየቀች፣ ነገረች። አንድም ሰው ተነስቶ መብራቱን ላየው አላለም። መብራቱን ትተን እሷን መረመርናት።

ክኒን ታዘዘላት። ፋርማሲ የምሠራ ሰው ነኝ፣ ወረቀቱን ሳላነበው ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ያደነዝዛል። አደነዘዛት። ጠዋት የያዘችውን ዳንቴል ከሰዓት በኋላ ትፈታዋለች፣ የክሩ ቀለበት ይጠፋባታል፣ መልሳ ትጀምራለች። ወንበሯን አንስታ ወጥ ቤት ገባች፤ እንግዳ እንኳን ሲመጣ እዚያው ጓዳ ትቀመጣለች። ስለ መብራቱም ማውራት ተወች። ይህን ስነግርህ ምን አልከኝ? «አየሽ! መድኃኒቱ ሠራ።» የወጥ ቤቱ መብራት ማብረጃ የለውም፣ ወንድም ጋሼ። ዝም ስለሚል ነው እዚያ የገባችው። ያን ጊዜ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም፣ ከእሷ በቀር።

ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን ድንገት «እሺ፣ እሄዳለሁ» አለች። «ከዚህ ቤት በእግሬ አልወጣም» ስትል የነበረችው ሴት! አንተ ተደሰትክ። «በራሷ አፍ እሺ አለች፣ ማንም አላስገደዳትም» እያልክ ለዘመድ ሁሉ ደወልክ። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እማዬ እሺ ስትል ፊቷ እሺ አላለም። ብጠይቃት፣ «ዝም አይነቅዝም ልጄ» ብላ አሳለፈችኝ።

ባለፈው ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ዕቃ ልሸክፍላት ገባሁ። ስደርስ ሻንጣዋን ራሷ ሸክፋ በሩ አጠገብ አቁማዋለች፤ ካፖርቷ ከላዩ ላይ ተጣጥፏል። ፍሪጁን አራግፌ ነቀልኩት፣ በሩንም በፎጣ ከፍቼ አስደገፍኩት። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። እማዬ ከሳሎን ይዤ ልሂድ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመብራቱን የመስታወት ክዳን፣ ያን አባባ የመረጠውን። ልፈታላት ወንበሩ ላይ ወጣሁ። አንተ የወጣህበት ወንበር ነው። ማብረጃው ዳር ድረስ ዞሯል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እጄን ወደ ክዳኑ ሰድጄ ጭንቅላቴን ሳስጠጋ፣ ዝዝዝዝዝ።

ጆሮዬ መስሎኝ ነበር። ራቅ አልኩ፣ ቀረ። ተጠጋሁ፣ ዝዝዝዝዝ። ፍሪጁ ተነቅሏል፣ ቤቱ ጭጭ ብሏል፣ የሚያወራው መብራቱ ብቻ ነው። በመዳፌ ከለል ባደርገው ደግሞ አምፖሉ ውስጥ የደበዘዘች ብርሃን አለች፤ ብልጭ ትላለች፣ ትደክማለች፣ ብልጭ ትላለች። ይጠቅሰኛል ያለችው እሱን ነው።

«እማዬ! ማብረጃውን ዝጊው!» ብዬ ጮህኩ።

«ዳር ደርሷል ልጄ።»

«ይበራል እኮ!»

«አዎ፣ ይበራል።»

«ድምፅም አለው!»

«አለው» አለችኝ፣ ውጪ ይዘንባል ወይ ተብሎ እንደ ተጠየቀ ሰው።

ከወንበሩ እንዴት እንደ ወረድኩ አላውቅም። ወለሉ ላይ ዘጭ ብዬ ሳቅኩ ወይ አለቀስኩ፤ እሷ ናት መሐረብ ያቀበለችኝ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራሁ። ሰፈሩ ፊውዝ ይለዋል፤ ቶሎ ስለሚቃጠል ነው። ገና ከበር «አምፖሉ ርካሽ ነው፣ ይሄን የገዛ ሰው ማን ነው?» አለ። ስምህን ነገርኩት፣ ደስ እያለኝ። የተሻለ ነው ያለውን አምጥቶ ገጠመ። ያም ጠቀሰ። ሻጩን ከነዘር ማንዘሩ ሰድቦ ሄደና፣ ካርቶኑ ላይ የማብረጃ ሥዕል ያለበት ሌላ አምፖል ይዞ መጣ። አንተ የገዛኸው ካርቶን ላይ ያው ሥዕል በመስቀል ተሰርዞ እንደነበረም አሳየኝ፤ አንዱን ካርቶን እማዬ የዳንቴል ክሯን አድርጋበት ነበር። አሁን ብልጭታው ቀነስ አለ፣ ድምፁ ግን አለ። ፊውዝ በመጨረሻ የቀረው ማብረጃው ብቻ ስለሆነ በእሱ ተናደደ፣ በካቻቪቴ ከግድግዳው ነቀለው። ያኔ ነው ነገሩ የተገለጠለት፤ እንደ ልማዱ ደግሞ ከመጀመሪያው ያወቀው መሰለ።

«እመቤቴ፣ ይሄ እኮ በድሮ አምፖል ጊዜ የተሠራ ነው። የድሮ አምፖል በላተኛ ነው፤ ብዙ ኃይል ይስባል። ይሄ ደግሞ በሬ እንዲይዝ የተገመደ ገመድ ነው፣ እናንተ ጫጩት አሰራችሁበት። መያዙንም መልቀቁንም አያውቀውም፣ ይንቀጠቀጣል» አለኝ።

«ዳር ድረስ ዞሮስ ለምን ይበራል?»

«ዳር ዞረ እንጂ መች ተዘጋ! መዝጊያው አልቋል። ትንሽ ትንሽ ያሳልፋል። ድሮም ያሳልፍ ነበር፤ ለድሮው አምፖል ያቺ ምኑም አይደለችም፣ ጨለማ ሆኖ ይቀመጣል። ለዚህ ለአዲሱ ግን እራቱ ናት።»

ይኸው ነው ወንድም ጋሼ። አምፖል አምፖል አይደለም። አዲሱ አምፖልህ መጥፎ አልነበረም፣ የአባባ ማብረጃም በዘመኑ መጥፎ አልነበረም። ሁለቱ የማይተዋወቁ ነገሮች ናቸው፤ ሳትጠይቃቸው አጋባሃቸው። ሲጣሉ ደግሞ ያመመችው ጎረቤታቸው ናት ተባለ።

ፊውዝ «ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ላድርግላችሁና እንገላገል» ሲል እማዬ ነች እምቢ ያለችው። «እኔ የምፈልገው ማብረጃ ነው» አለች፣ ቀና ብላ፣ ክኒን እንዳልዋጠ ሰው። ለኤልኢዲ የተሠራ ማብረጃ አለ፤ መጣ፣ ተገጠመ። እሱ እየተሳደበ፣ የብርሃኑን የታችኛ ልክ እያስተካከለ ጨረሰ። እማዬ ቁልፉን ራሷ ያዘችው። ስታዞረው ሳሎኑ እንደ ድሮው ቀስ እያለ ጋብ አለ። ዳር ሲደርስ፣ ቀጭ። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ያለ ይመስል አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆመች።

«ተዘጋ» አለች።

እኔ በበኩሌ ልትቆጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እንድትጮህ፣ እንድትሰድበን፣ ቢያንስ «አላልኩም?» እንድትል። ምንም። ፊውዝ እንደ ወጣ እኔው ጮህኩላት።

«እማዬ፣ ልክ ነበርሽ እኮ! ከመጀመሪያውም ልክ ነበርሽ!»

«አውቃለሁ» አለች። «መስመር ክፍት ሲሆን አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነበር።»

«ታዲያ ካወቅሽ ለምን እሄዳለሁ አልሽ?»

ዳንቴሏን አነሳች። «ከመብራት ጋር የምታወራ ሴትዮ ብቻዋን አትቀመጥም» አለች፣ ዓይኗን ከክሩ ሳታነሳ።

ይህ የእሷ አነጋገር አይደለም፣ ወንድም ጋሼ። እማዬ ራሷን ሴትዮ ብላ አታውቅም። «ማነው እንዲህ ያለው?» አልኳት። «የሰማሁት ነው» አለች። «ከማን?» አልኳት። ለመንኳት፣ አለቀስኩባት፣ እንደ ልጅነቴ ቀሚሷን ያዝኩ። በመጨረሻ «ወንድምሽ ያን ለት ስልኩን ደህና አድርጎ አልዘጋውም» አለችኝ። ከዚህ በላይ አልጨመረችም።

መጨመር አላስፈለጋትም። ያን ለት የቱ እንደሆነ አንተም አሁን ሳታስታውስ አትቀርም። «እሺ በቃ እማዬ፣ ደህና ሁኚ» ብለህ የዘጋኸው መስሎህ ጠረጴዛው ላይ ጣልከው፤ ወይ ጣትህ ስታለች፣ ወይ ቸኩለሃል። እሷ ደግሞ ቀድማ አትዘጋም። የሳሎኑን ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆማለች፣ ዋናው ነገር ከእሺ በቃ በኋላ ይመጣል ብላ። መጣላት። ለባለቤትህ ስትናገር ሰማችህ።

«ሌላስ ምን አለ?» አልኳት።

«ኦፕሬተር የሰማውን አይናገርም።»

«እሺ፣ ምን ያህል ቆየሽ? እንደ ሰማሽው ለምን አልዘጋሽውም?»

«እስኪዘጋ ነዋ የቆየሁት» አለችኝ። «እኔ ቀድሜ ዘግቼ አላውቅም።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። አንተ ሁለቱም አልታወቁህም። የቀረውን ያልከውን ነገር እኔ አላውቀውም፣ አላወጣችልኝም፣ አታወጣልኝምም። ከዓለም ላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ አንተ፣ ባለቤትህ፣ እማዬ። ስቃችሁም እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። እሷ ግን ያን ሁሉ ሰምታ፣ ስልኩን አስቀምጣ፣ ሻንጣዋን ከቁም ሣጥኑ አናት አወረደች። እኛም እሺ አለች ብለን ተደሰትን።

ክፉ ሰው እንዳልሆንክ አውቃለሁ። የኋላዋን ክፍል ያስቀባኸው ሳይሆን ራስህ የቀባሃት እንደሆነ ሰምቻለሁ፣ ወገብህን እያመመህ። የምትወዳት እናትህ ብቻዋን ወድቃ እንዳትገኝ ፈርተህ ነው፤ ይህንንም አውቃለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ግን ንዴቴ አልበረደም። እኔን የሚያበርድ ማብረጃ ገና አልተሠራም። ፈርቶ መሳሳት አንድ ነገር ነው፤ እናትን በወሬ መሃል አንስቶ «ሴትዮ» ማለት ግን ሌላ ነው፣ ወንድም ጋሼ። እኔ አፍሬብሃለሁ።

እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ። ሐኪሙ ጋ ተመልሼ ነገሩን ነገርኩት። አፈረ፣ የጻፈውን አረመ፣ ክኒኑንም እንዴት እንደምታቆም ነገረን፤ እማዬ ደግሞ ይቅርታ ሲጠይቃት «ደህና ጠይቀኸኝ ነበር እኮ፣ መልሱን ነው ያልፈለግከው» አለችው። የጭነት መኪናውን የምትሰርዘው ግን አንተ ነህ። ለተከራዩ ቤቱ ሰው አለበት የምትለውም አንተ ነህ። ቤቱ ሰው አለበት።

ከዚያ ደውልላት። ምን እንደምትላት አልነግርህም፤ ያልከውን አላውቅምና ይቅርታህን አልመጥንልህም። እኔ እንደ ነገርኩህ ብታውቅ ትቀየመኛለች፤ ይሁን፣ ትቀየመኝ። ኦፕሬተሯ እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም። እንደ ልማድህ «ገባኝ፣ ገባኝ» አትበላት። የምትለውን አስጨርሳት። ስትጨርስም ስልኩን በደንብ ዝጋው፣ በዓይንህ አይተህ ዝጋው፤ እሷ ዛሬም ቀድማ አትዘጋም።

እሺ በቃ።

ቁንጥንጧ እህትህ

ወንድም ጋሼ፣ እሺ በቃ ካልኩ በኋላ አንድ ነገር ቀረኝ። መብራቱ ከተስተካከለ ወዲህ እማዬ ወንበሯን ወደ ሳሎን መልሳለች። ዳንቴሏም ቀለበቱ አይጠፋባትም። ሲመሽ ማብረጃውን ታዞራለች፣ ቀጭ ሲል ትሰማለች፣ ትተኛለች። ሻንጣዋ ግን እስካሁን በሩ አጠገብ ነው፣ ካፖርቷም ከላዩ ላይ። ትናንት ልፈታልሽ ብዬ ዚፑን ስይዝ እጄን ያዘችኝ። «ይቆይ ልጄ» አለችኝ፣ «መስመሩ አልተዘጋም።»